ከአዳማ እስከ ሐዋሳ፦ የጥሎ ማለፍ ማስታወሻ

አዳማ፣ የሆቴል ግቢ

የውድድር ዙር አዳማ ላይ ሲያርፍ ቀድሞ የሚሰማው ሆቴሉ ነው። የቡድን አውቶቡሶች ግቢ ውስጥ ተደርድረዋል። በላይኛው ፎቅ በረንዳ የታጠበ ማሊያ ተሰጥቷል። ምግብ ቤቱ ውስጥ አስተናጋጇ የአንዱን ክለብ ፓስታና የሌላውን ሩዝ ሳታምታታ ታወጣለች። ፕሪምየር ሊጉ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ክለቦችን ሁሉ አንድ ከተማ ላይ እየሰበሰበ ሲያጫውት ቆይቷል፤ አዳማም በ2014 አስተናጋጆቹን ተቀላቅላለች። ጨዋታው የሚካሄደው በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሜዳ ነው።

እኔን ያመጣኝ ግን ሊጉ አይደለም። የኢትዮጵያ ዋንጫ፣ ሰዉ እስከ ዛሬ ጥሎ ማለፍ እያለ የሚጠራው ውድድር፣ እንዴት እንደሚሰናዳ ከሚሠሩት ሰዎች አፍ መስማት ፈልጌ ነው። ከዚያም በሞጆ፣ በመቂና በባቱ አድርጌ እስከ ሐዋሳ መውረድና ይህ ውድድር በመንገዱ ዳር ላሉት ከተሞች ምን እንደሚያደርስላቸው ማየት። ስነሣ የያዝኩት ጥያቄ አንድ ነበር፤ ትልቁ ክለብ ወደ ትንሹ ከተማ ሜዳ የማይሄድ ከሆነ አገር አቀፍ ዋንጫ ለማን ነው?

መጀመሪያ ያገኘሁት የአንድ ከፍተኛ ሊግ ክለብ ትጥቅ ያዥ ነው። ወጣት ነው፤ ቁና ቁና እየተነፈሰ ሦስት ትልልቅ ሻንጣ ከአውቶቡሱ ሆድ ያወርዳል። አንዱን እንድይዝለት ስጠይቀው «ተው ጋሼ፣ ይሄ ልማዴ ነው» አለኝና አንዱን ከፍቶ አሳየኝ። ሁለት ዓይነት ሙሉ ማሊያ፤ ለግብ ጠባቂው ደግሞ ሦስት የተለያየ ቀለም።

«ለምን ሦስት?»

«የእኛ ግብ ጠባቂ ከእነሱ ተጫዋቾች ጋር መመሳሰል የለበትም። ከእነሱ ግብ ጠባቂም። ከዳኛውም። ጠዋት ስብሰባ ላይ ኮሚሽነሩ የዳኛውን ቀለም ሲናገር እኔ እዚያው መመለስ አለብኝ። የለኝም ካልኩ ጨዋታው በእኔ ይዘገያል።»

የቅድመ ጨዋታ ስብሰባ የሚባለው ይህ ነው። ከሜዳ ውጭ ያለው ሥራ አብዛኛው እዚያ ያልቃል። ኮሚሽነሩ መሃል ይቀመጣል፤ የሁለቱ ክለቦች ቡድን መሪዎች ግራና ቀኝ። የማሊያ ቀለም ይመዘገባል። ቴሴራ፣ የተጫዋቹ መታወቂያ፣ ይቆጠራል፤ ቴሴራ የሌለው ተጫዋች ስሙ ቢታወቅም አይገባም። ካርድ የተጠራቀመበትና የታገደ ተጫዋች ስም ይነበባል። አምቡላንስ ከየት እንደሚመጣ፣ ፖሊስ ስንት ሰዓት ሜዳው ላይ እንደሚገኝ፣ ኳስ የሚያቀብሉት ልጆች ከየትኛው ትምህርት ቤት እንደሚመጡ ይነገራል። ጨዋታው 90 ደቂቃ ነው፤ ሥራው ግን ከዋዜማው ይጀምራል። የእነዚህን ሰዎች ድካም ተመልካች አያየውም፤ ስለዚህ እዚህ ጽፌዋለሁ።

አዳማ፣ ማታ

ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ። የጥሎ ማለፍ ሒሳብ ደስ ይላል። በእያንዳንዱ ጨዋታ አንድ ክለብ ይወጣል፤ ስለዚህ 32 ክለብ ከገባ 31 ጨዋታ ነው፣ 40 ከገባ 39። ሌላ ቀመር የለውም። በአንጻሩ 18 ክለቦች ደርሶ መልስ የሚገናኙበት ሊግ 306 ጨዋታ ይፈልጋል። አገር አቀፍ ውድድር በትንሽ ገንዘብ ማካሄድ ለሚፈልግ ፌዴሬሽን ከጥሎ ማለፍ የሚቀል የለም።

ችግሩ የሚመጣው የክለቦቹ ቁጥር 8፣ 16፣ 32 ወይም 64 ሳይሆን ሲቀር ነው። 40 ክለብ ቢመዘገብ 16ቱ ቅድመ ዙር ይጫወታሉ፣ 8ቱ ያልፋሉ። የቀሩት 24 ሳይጫወቱ ገብተው 32 ይሞላሉ። ሳይጫወት የሚገባው ማን እንደሆነ መወሰን ነው የአዘጋጁ ፈተና። በዕጣ ከሆነ ዕድል ነው። በደረጃ ከሆነ የላይኛው ሊግ ክለቦች ዘግይተው ይገባሉ፣ የታችኞቹ ቀድመው ይፋለማሉ። ብዙ አገር ሁለተኛውን መርጧል። እኔም የምስማማው በዚያ ነው፤ ታች ያሉት ክለቦች ቢያንስ ከእኩያቸው ጋር አንድ ጨዋታ ያገኛሉ፤ ያሸነፈው ደግሞ ለትልቁ ይደርሳል።

ሳይጫወቱ የማለፍን ነገር የኢትዮጵያ ኳስ ጥሩ አድርጎ ያውቀዋል። በ1949 ዓ.ም. የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ካርቱም ላይ ሲካሄድ ተሳታፊ እንዲሆኑ የታሰቡት አራት አገሮች ነበሩ፤ ኢትዮጵያ፣ ግብፅ፣ ሱዳንና ደቡብ አፍሪካ። የኢትዮጵያ ዕጣ ደቡብ አፍሪካ ነበረች። የአፓርታይዱ መንግሥት ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም ስላለ ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ወጣች፤ የእኛ ቡድን አንድም ጨዋታ ሳያደርግ ፍጻሜ ደረሰ። ፍጻሜውን ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈች፤ አራቱንም ያገባው አድ ዲባ ነው። በጥር 1954 አዲስ አበባ ላይም ውድድሩ ንጹሕ ጥሎ ማለፍ ነበር፤ አራት አገር፣ ምድብ የለም። ቱኒዚያን 4 ለ 2፣ ከዚያ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ያገኘችው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ የተጫወተችው ጨዋታም ሁለት ብቻ ነው። ሊግ ቢሆን ሁለት ጨዋታ ምን ያህል ነው? በጥሎ ማለፍ ግን ሁለት ጨዋታ ታሪክ ይሆናል።

የአገር ውስጡ ጥሎ ማለፍም ዕድሜው ረጅም ነው፤ ከ1930ዎቹ መጨረሻ ይጀምራል። ፕሪምየር ሊግ የሚባለው የመጣው ገና በ1990 ዓ.ም. ነው። ሊጉን አሁን ክለቦቹ ባለቤት የሆኑበት አክሲዮን ማኅበር ያካሂደዋል፤ ዋንጫው ግን የፌዴሬሽኑ ነው። ስለዚህ ሁለት አዘጋጅ በአንድ የቀን መቁጠሪያና በአንድ ዓይነት ተጫዋቾች ላይ ይገናኛል። ሊጉ የቴሌቪዥን ውልና ቋሚ ቀን አለው፤ ዋንጫው በተረፈው ቀን ይገባል። ለብሔራዊ ቡድን ጨዋታ ሊግ ሲቋረጥ ዋንጫ ይደረግ ቢባል ደግሞ ክለቡ ምርጥ ተጫዋቾቹ የሉትም። ፋሲል ከነማ በ2011 ዋንጫውን ከወሰደ በኋላ ኮሮና መጣ፤ ውድድሩም ለዓመታት ጠፋ። የተመለሰው በ2016 ነው፤ የዚያን ዓመቱን ኢትዮጵያ ቡና ወሰደው።

በመሃሉ የተከፈለው ዋጋ ብዙ ሰው አላስተዋለውም። የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ካፕ የሚባለው ውድድር፣ በ2004 እ.ኤ.አ. የዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫና የካፍ ዋንጫ ተዋህደው ሲመሠረት ዓላማው የአገር ዋንጫ አሸናፊዎችን መቀበል ነበር። የሊግ ሻምፒዮን ወደ ቻምፒየንስ ሊግ፣ የዋንጫ አሸናፊ ወደ ኮንፌዴሬሽን ካፕ። ዋንጫ በሌለባቸው ዓመታት ያ ቦታ ከሊጉ ሠንጠረዥ ተወሰደ፤ ባሕር ዳር ከነማም የሄደው በዚያ መንገድ ነው፤ የታንዛኒያውን አዛምን በመለያ ምት አሰናብቶ በቱኒዚያው ክለብ አፍሪካን ተሸነፈ። ጥፋት አልነበረም። ግን በሊግ ዘጠነኛ ወይም አስረኛ ለሆነ ክለብ ወደ አፍሪካ የሚያስገባ ሌላ በር አልነበረም። ያ በር ለአራት ዓመት ተዘጋ።

ወንጂ

ጠዋት በሚኒባስ ወደ ወንጂ ወረድኩ፤ ከአዳማ ቅርብ ነው። አገዳው መንገዱን ግራና ቀኝ ይይዘዋል፤ አየሩ ደግሞ ከአዳማው ይከብዳል። ፋብሪካውን በ1946 ዓ.ም. ያቆመው ኤች ቪ ኤ የሚባለው የሆላንድ ኩባንያ ነው። ኳስ እዚህ ከፋብሪካ ጋር ነው ያደገው። ወንጂ ስኳር፣ መተሐራ ስኳር፣ ሁለቱም ፕሪምየር ሊግ ተጫውተው ያውቃሉ። ሠራተኛው በፈረቃ ይወጣል፣ ማታ ሜዳ ይሞላል፤ ክለቡ የከተማ አስተዳደር በጀት አይጠብቅም ነበር።

የአገራችን ክለቦች ታሪክ በአብዛኛው የመሥሪያ ቤት ታሪክ ነው። ሠራዊቱ መቻልን፣ ባንኩ ንግድ ባንክን፣ መብራት ኃይሉ ኤሌክትሪክን፣ ኢንሹራንሱ መድንን። አሁን ከተሞች ክለብ ሆነዋል፤ አዳማ ከተማ፣ ሻሸመኔ ከተማ፣ ባቱ ከተማ። ይህ ለውጥ ለዋንጫው አንድ ጣጣ አምጥቷል፤ ስለ እሱ ከመቂ ወዲያ እመለስበታለሁ።

ሞጆ፣ መቂ፣ ባቱ

ከሞጆ ደረቅ ወደብ የሚወጡት ከባድ መኪኖች ካለፉ በኋላ መንገዱ ይከፈታል። ቆቃ ላይ ውኃው በስተግራ ይታያል። መቂ ስንደርስ የቲማቲም ሣጥን እስከ አስፋልቱ ጫፍ ተደርድሯል፤ የሽንኩርት ጆንያ የጫነ አይሱዙ መንገዱን ዘግቶ ሹፌሩ ከደላላ ጋር ይከራከራል። ባቱ ላይ ምሳ ቆሮሶ ጥብስ በላሁ፤ አሣ ጥሩ የሆነበት ከተማ ላይ ሌላ ማዘዝ አያስፈልግም።

ሜዳውን ያየሁት ከመቂ ወዲያ ካሉት ከተሞች በአንዱ ነው። የከተማውን ስም አልጽፍም፤ አሰልጣኙ እንዳልጽፍ ስለጠየቀኝ። ክለቡ ታችኛው ሊግ ላይ ነው። ሜዳው ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለ ሰፊ መሬት ነው፤ ሣሩ መሃሉ ላይ ሳስቷል፣ ዳርና ዳሩ ላይ ግን ደህና ነው። በስተምሥራቅ የግንብ አጥር አለ፤ በስተደቡብ ምንም የለም፤ ከብት እዚያ በኩል ይገባል።

አሰልጣኙን ልጆቹ ኮች ይሉታል፤ ሽማግሌዎቹ ግን በአባቱ ስም ነው የሚጠሩት። ስለ ጥሎ ማለፍ ስጠይቀው ፊቱ በራ።

«ወንድሜ፣ እኛ ሊግ ላይ የምንጫወተው ከማን ጋር ነው? ከእኩዮቻችን። ጊዮርጊስን የምናገኘው በዕጣ ብቻ ነው። ልጆቼ ዓመቱን ሙሉ የሚያወሩት ያቺን ዕጣ ነው።»

«ጊዮርጊስ ቢደርሳችሁ የት ትጫወታላችሁ?»

«አዳማ ይሉናል። ወይ ሐዋሳ። ሜዳችሁ መስፈርት አያሟላም ይሉናል።»

«አያሟላም?»

መልሱን በቃል አልሰጠኝም። ልጅ ልኮ ገመድ አስመጣ፤ በየአሥር ሜትሩ የተቋጠረ የናይለን ገመድ ነው። አንዱን ጫፍ ለእኔ ሰጠኝ፣ ሌላውን ራሱ ይዞ በመስመሩ ዳር ተራመደ። ርዝመቱ 102 ሜትር መጣ፣ ወርዱ 66። የጨዋታው ሕግ ለተራ ውድድር ርዝመት ከ90 እስከ 120፣ ወርድ ከ45 እስከ 90 ይፈቅዳል፤ ለዓለም አቀፍ ጨዋታ ርዝመት ከ100 እስከ 110፣ ወርድ ከ64 እስከ 75 ይላል። የዚህ ከተማ ሜዳ ሁለቱንም ያሟላል። ጎሉን ስንለካ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል 7 ሜትር ከ32 ሳንቲሜትር አገኘን፤ ሕጉ የሚለውም ይህንኑ ነው። የሚጎድለው አጥርና መልበሻ ክፍል ነው። መልበሻ ክፍል ከትምህርት ቤቱ ሁለት ክፍል መዋስ ይቻላል። አጥሩ ይቀራል።

አሰልጣኙ የነገረኝ ሌላ ጉዳይ ነው ለእኔ አዲስ የሆነው። የክለቡ ገንዘብ የከተማ አስተዳደሩ ነው። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ለክለቡ የሚመደበው ቁርጥ ነው፣ የሚሰላውም በሊግ ጨዋታ ብዛት ነው። የዋንጫ ዕጣ የሚወጣው በጀቱ ከጸደቀ ከወራት በኋላ ነው። ክለቡ አዳማ ሄዶ አንድ ጨዋታ ለማድረግ አውቶቡስ፣ የሦስት ቀን ሆቴልና የምግብ አበል ይፈልጋል። ገንዘቡ ከየትም መስመር አይወጣም። «አንድ ዙር ብናልፍ ደስታችን ነው፤ ሁለተኛውን ዙር ግን ለከንቲባው እንዴት ብዬ ነው የምነግረው?» አለኝ። በፋብሪካ ክለቦች ዘመን ይህ ጭንቀት አልነበረም፤ ከወንጂ ስነሣ ያልኩት ጣጣ ይህ ነው። መፍትሔው ግን ከባድ አይመስለኝም። ፌዴሬሽኑ የዋንጫውን ዙሮች ቀንና የተሳታፊዎች ቁጥር ከሰኔ 30 በፊት ቢያሳውቅ የከተማ ምክር ቤቶች በጀት ውስጥ ያስገቡታል። ዕጣው ኋላ ሊወጣ ይችላል፤ ቀኑ ግን ቀድሞ ይታወቅ።

ጨዋታው ትንሹ ከተማ ላይ ቢሆን ደግሞ ወጪው ይገለበጣል። 25 ሰው ጭኖ የሚሄደው በጀት ያለው ክለብ ይሆናል። በገቢ በኩል ከተማው በር ላይ ትኬት ይሸጣል። ቡና የምታፈላዋ፣ ቆሎ የሚሸጠው ልጅ፣ ባጃጁ፣ ሁሉም የዚያን ቀን ሥራ ያገኛል።

ይህን ሌሎች አገሮች ሠርተውበታል። የፈረንሳይ ዋንጫ ከ1917 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ አንዱ ክለብ ከሌላው ሁለት ደረጃና ከዚያ በላይ ዝቅ ካለ ጨዋታው በታችኛው ክለብ ሜዳ ይሆናል፤ ዕጣ ምንም ቢል። በእንግሊዝ ዋንጫው በ1871 እ.ኤ.አ. ሲጀመር የተመዘገቡት 15 ክለቦች ነበሩ። ሕዝቡ እስከ ዛሬ የሚያነሣው ግን በ1972 እ.ኤ.አ. ሄርፎርድ የሚባል ከሊጉ ውጭ የሆነ ትንሽ ክለብ በገዛ ጭቃ ሜዳው ኒውካስልን 2 ለ 1 ማሸነፉን ነው። ያ ጨዋታ ገለልተኛ ሜዳ ላይ ቢሆን ኖሮ ጭቃው አይኖርም ነበር፤ ዛፍ ላይ የወጣው ተመልካችም አይኖርም።

ተቃራኒውንም መጻፍ አለብኝ። በ2000 እ.ኤ.አ. ካሌ የሚባል የፈረንሳይ አራተኛ ዲቪዚዮን አማተር ክለብ እስከ ፍጻሜ ደርሶ በናንት 2 ለ 1 ተሸነፈ። ግማሽ ፍጻሜውን ግን የተጫወተው በራሱ ሜዳ አይደለም፤ ላንስ ሄዶ በትልቅ ስታዲየም ነው፤ የእሱ ሜዳ ያን ያህል ሕዝብ አይችልምና። ደህንነት ከስሜት ይቀድማል። ስለዚህ የምለው ፍጻሜና ግማሽ ፍጻሜ አዳማም ሐዋሳም ይሁኑ፤ የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ግን ወደ ሰዉ ይሂዱ ነው። 32 ክለብ ከሆኑ 16ቱ አንድ ጨዋታ ተጫውተው ይሰናበታሉ። ለእነዚያ 16 ዋንጫው ማለት ያ አንድ ቀን ነው። ያ ቀን ማንም ደጋፊያቸው በሌለበት ሜዳ ላይ ካለፈ፣ ከተማው ዋንጫ ላይ መሳተፉን እንኳ አይሰማም።

መብራት የለም የሚለው ክርክርም መልስ አለው። ጨዋታ 10 ሰዓት ቢጀመር ሁለት አጋማሽ፣ የ15 ደቂቃ ዕረፍትና ጭማሪ ደቂቃዎች 12 ሰዓት ገደማ ያልቃሉ። ተጨማሪ ሰዓት ከተጨመረ ጨለማ ይይዛል። ሕጉ ግን አዘጋጁ ተጨማሪ ሰዓት ሳያደርግ ከ90 ደቂቃ ቀጥታ ወደ መለያ ምት እንዲሄድ ይፈቅዳል። ጨዋታውን 9 ሰዓት መጀመርም ይቻላል፤ ሙቀቱ ግን ከባድ ነው፤ በስምጥ ሸለቆ የየካቲትና የመጋቢት ፀሐይ 9 ሰዓት ላይ ገና አልበረደችም። እኔ 9 ሰዓት ተኩልን እመርጣለሁ፣ በየአጋማሹ አንድ የውኃ ዕረፍት ጨምሬ።

ነገሌ፣ ሻሸመኔ

አርሲ ነገሌ ላይ ብዙ አልቆየሁም። የኳስ ማሳያ ቤቶቹ በር ላይ የአውሮፓ ጨዋታ ሰዓት በጠመኔ ተጽፏል፤ የአገር ውስጡን ያየሁት አንድ ቤት ብቻ ላይ ነው።

ሻሸመኔ ላይ ግን ከሚኒባስ ወረድኩ። አራቱም አቅጣጫ የሚገናኝበት ከተማ ነው፤ መናኸሪያው ውስጥ አምስት ቋንቋ በአንድ ጊዜ ይሰማል። ሻሸመኔ ከተማ በ2016 ዓ.ም. ፕሪምየር ሊግ ገባ፤ በዚያው ዓመት ወረደ። የዚያን ዓመት የሊግ ጨዋታዎች የተካሄዱት በአዳማ፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ነው። ማለትም ከተማው ቡድኑን ወደ አገሪቱ ከፍተኛ መድረክ አድርሶ፣ በዚያ ዓመት አንድም የፕሪምየር ሊግ ጨዋታ በራሱ ሜዳ ሳያይ ቡድኑ ወረደ። ከመናኸሪያው አጠገብ ጫማ የሚያድስ ሰው፣ ዕድሜው ከእኔ የሚበልጥ፣ ይህንን ሲነግረኝ ድምፁን አልጨመረም። «ሐዋሳ ቅርብ ነው፤ ሄደን አይተናል። ግን ልጄን ይዤ በእግሬ መሄድ ፈልጌ ነበር፣ የኔ ጌታ» አለኝ።

ለምን አንድ ከተማ ላይ መሰብሰብ እንዳስፈለገ አልክድም። ወረርሽኝ ነበር፣ የቴሌቪዥን ካሜራ በየሳምንቱ ስምንት ከተማ መዞር አይችልም፣ የደጋፊ ግጭትም ስጋት ነበር፤ የአንዳንድ መንገዶች ደህንነት ዛሬም አስተማማኝ አይደለም። ሊጉ ለዚህ ምክንያት አለው። ዋንጫው ግን ያን ያህል ካሜራ አይሸከምም፤ 31 ወይም 39 ጨዋታ ነው፤ ሁለት ከተማ ለአንድ ቀን ብቻ የሚገናኙበት ነው። ከሊጉ የተረፈውን ልማድ እንዳለ መውሰድ የለበትም።

ሐዋሳ

ሐዋሳ ስታዲየም የደረስኩት ከሰዓት በኋላ ነው። ጥበቃው መታወቂያዬን አይቶ ለአጭር ጊዜ አስገባኝ። ባዶ ነው፤ ሁለት ሠራተኞች በጎማ ሣር ያጠጣሉ።

የወላይታ ድቻን ነገር ማየት የፈለግሁት እዚህ ነው። ድቻ የሶዶ ክለብ ነው፤ ወደ ፕሪምየር ሊግ የመጣው በ2006 ዓ.ም. ነው። ጥሎ ማለፉን በ2009 አሸነፈ፤ የኮንፌዴሬሽን ካፕ ቦታም አገኘ። የዛንዚባሩን ዚማሞቶን አለፈ። ቀጥሎ የደረሰው ዛማሌክ ነበር፤ የአፍሪካን ክለቦች ዋንጫ አምስት ጊዜ የወሰደ ክለብ። በ2010 የካቲት መጨረሻ እዚህ ሐዋሳ ላይ ድቻ 2 ለ 1 አሸነፈ። መልሱ ካይሮ ላይ ዛማሌክ 2 ለ 1 አሸነፈ። በሜዳም ከሜዳ ውጭም ውጤቱ እኩል ሆነ፤ ወደ መለያ ምት ተሄደ፤ ድቻ አለፈ። በሚቀጥለው ዙር የታንዛኒያው ያንግ አፍሪካንስ አስቆመው፤ ዳሬሰላም ላይ 2 ለ 0 አሸንፎ እዚህ 1 ለ 0 ቢሸነፍም።

ያን ዓመት ድቻን ካይሮ ያደረሰው ጥሎ ማለፍ ነው። በሊጉ ሠንጠረዥ ቢሆን ኖሮ ቦታው የላይኞቹ ክለቦች ነበር። ለዚህ ነው ዋንጫው በ2016 ሲመለስ የተደሰትኩት፤ ድቻም ከዚያ ወዲህ እንደገና በዚያው ውድድር አገሩን ወክሏል። እንዲህ ያለ ክለብ እንዲበዛ ከተፈለገ በሩ በየዓመቱ ክፍት መሆን አለበት፤ አንድ ዓመት ተደርጎ ሁለት ዓመት የሚቀር ውድድር ላይ ማንም ከተማ ገንዘብ አያወጣም፣ ማንም ስፖንሰር ውል አይፈርምም።

ስታዲየሙን ስመለከት ሌላም ነገር ከበደኝ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ስታዲየሞቻችንን መስፈርት አያሟሉም ብሎ ካገደ ወዲህ ብሔራዊ ቡድናችን የሜዳውን ጨዋታ ሰው አገር ሲጫወት ኖሯል፤ ሞሮኮ ድረስ ሄዶ ሴራሊዮንን «በሜዳው» አስተናግዷል። ዛማሌክን ያሸነፈው ሕዝብ ብሔራዊ ቡድኑን በስልክ ነው ሲያይ የኖረው። ሻሸመኔ ላይ ጫማ አዳሹ የነገረኝና ይህ አንድ ጉዳይ ናቸው። ትልቅ ስታዲየም መጨረስ ቢሊዮን ይጠይቃል፣ ዓመታት ይወስዳል። የትንሹ ከተማ ሜዳ የሚጠይቀው አጥር፣ ሁለት መልበሻ ክፍልና የውኃ ቧንቧ ነው። ሁለቱም መሠራት አለባቸው፤ ሁለተኛው ግን ዘንድሮ ሊጀመር ይችላል።

ማታ ከመቂ ወዲያ ያለው አሰልጣኝ ደወለ። ከከተማው ስፖርት ጽሕፈት ቤት ጋር ተቀምጠው ለሚቀጥለው ዋንጫ ደብዳቤ እየጻፉ ነው፤ የመጀመሪያው ዙር ጨዋታ በሜዳቸው እንዲሆን የሚጠይቅ። ጤና ጣቢያው አምቡላንስ ለመስጠት ተስማምቷል። ትምህርት ቤቱ ሁለት ክፍል ይለቃል። ለደቡቡ አጥር ነጋዴዎቹ የባሕር ዛፍ ቋሚ ሊያዋጡ ነው፤ ቆርቆሮው ገና አልተገኘም። ረቂቁን በስልክ አነበበልኝ። የሜዳውን ልክ አልጻፉም ነበርና እንዲጨምሩ ነገርኩት። «ስንት ነበር ያልነው?» አለኝ፤ ማስታወሻዬን ገልጬ አነበብኩለት፦ ርዝመት 102፣ ወርድ 66፣ በጎል ቋሚዎቹ መካከል 7 ከ32።